ጅማ ላይ ለማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ መዘጋጀት፦ ምን ይገዛ፣ ስንት ይገዛ፣ የት ይቀመጥ

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ቢቀና፣ መኪናውም ነዳጅ ሞልቶ ቢጠብቅ፣ ስድስት ሰባት ሰዓት ይወስዳል። በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ (ኤም ኤች፣ በአንዳንድ የሰመመን መድኃኒቶች የሚቀሰቀስ ገዳይ የጡንቻ መጋል) የተነሳበት ሰው ግን መድኃኒቱን፣ ዳንትሮሊንን፣ የሚፈልገው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ከዚህ በታች ያሉት አማራጮች ሁሉ የሚመዘኑት በዚሁ ነው። ምልክቱ ሲታይ ጅማ ውስጥ ያልነበረ ዕቃ፣ ለመጀመሪያው ሰዓት እንደሌለ ይቆጠራል።

መመሪያው የተዘጋጀው ለሰመመን ሰጪዎች፣ ለኦፕሬሽን ክፍል ነርሶች፣ ለሆስፒታል ፋርማሲስቶችና ግዢ ለሚያጸድቁ ኃላፊዎች ነው። መጠኖቹ ለዝግጅትና ለስሌት የቀረቡ ናቸው፤ ሕክምናውን የሚመራው ሕመምተኛው አጠገብ ያለው ባለሙያና የተቋሙ የራሱ የአሠራር መመሪያ ነው።

ጊዜ ለሌለው አንባቢ

እንደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል አጠቃላይ ሰመመን በየቀኑ የሚሰጥበትና ከደቡብ ምዕራብ ሪፈር የሚቀበል ሆስፒታል ከሆነ፣ ትክክለኛው ምርጫ ባለ 20 ሚ.ግ ዳንትሮሊን 36 ቫያል (የመድኃኒት ብልቃጥ) ነው። እዚያው ከተማ ውስጥ ያለ ሌላ ሆስፒታል ወይም የግል ቀዶ ሕክምና ማዕከል አቅሙ ካነሰ፣ 12 ቫያል በራሱ ግቢ ይዞ ቀሪውን ከትልቁ ክምችት በጽሑፍ ስምምነት ማምጣት ይችላል። አጋሮ፣ በደሌ ወይም ቦንጋ ላለ ሆስፒታል ግን ጅማ ያለው መድኃኒት የመጀመሪያ ዶዝ ሊሆንለት አይችልም። እነዚህ ወይ የራሳቸውን 12 ቫያል ይያዙ፣ ወይም በሽታውን የሚቀሰቅሱትን መድኃኒቶች አጠቃቀም ይቀንሱ። ሁሉም ዘንድ ደግሞ ከዳንትሮሊን በፊት መሠረታዊው ሳጥን ይሟላል።

ምን እንደሚፈጠር፣ ባጭሩ

ሃሎቴን፣ አይሶፍሉሬንና ሴቮፍሉሬንን የመሳሰሉ በትንፋሽ የሚገቡ ማደንዘዣዎች፣ እንዲሁም ቱቦ ለማስገባት ጡንቻን የሚያላላው ሱክሳሜቶኒየም (በኦፕሬሽን ክፍል ቋንቋ ሳክስ)፣ በዘር ተጋላጭ በሆነ ሰው ጡንቻ ውስጥ ካልሲየም ያለ ልክ እንዲለቀቅ ያደርጋሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጉድለቱ ያለው አር ዋይ አር 1 በሚባለው ጂን ላይ ነው። ጡንቻው ሳያቋርጥ ይሠራል፤ ኦክስጅን ይበላል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሲድ ያመርታል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ሴሎቹ ፈርሰው ፖታሲየምና ማዮግሎቢን ወደ ደም ይረጫሉ። በሽታው ብርቅ ነው፤ ግምቱ ከ10,000 ሰመመን አንድ እስከ 250,000 ሰመመን አንድ ይደርሳል። በሽታው በሕክምናው ዓለም በግልጽ ከታወቀበት ከ1960 በኋላ ባሉት ዓመታት (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከሚያዛቸው ሰዎች 70 በመቶና ከዚያ በላይ ይሞቱ ነበር። በደም ሥር የሚሰጠው ዳንትሮሊን በ1979 ከተፈቀደ ወዲህ፣ መድኃኒቱ ባለበት ቦታ ሞት ከ10 በመቶ በታች ወርዷል።

ከዚህ ቀደም ያለ ችግር ሰመመን መውሰድ ለማንም ዋስትና አይሆንም። ለብዙዎች ችግሩ የሚነሳው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሰመመን ነው። «በፊት ኦፕሬሽን ሆኛለሁ፣ ምንም አልነካኝም» የሚል መልስ መዝገብ ላይ ይጻፍ እንጂ በእሱ ተማምኖ መቀመጥ አይገባም።

ስሙ ሙቀትን ቢያስቀድምም ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የሚታየው አየር ቢጨመርለትም የማይወርድ የትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ከሳክስ በኋላ የመንጋጋ መቆለፍ፣ ከዚያም የመላ አካል መገተር ነው። ካፕኖግራፍ (የትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ) በሌለበት ክፍል፣ በማሽኑ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጠውን የሶዳ ላይም ጣሳ በእጅ ዳስሱ፤ ከወትሮው በላይ ከጋለና ቀለሙን ቶሎ ከለወጠ ሕመምተኛው ከልክ ያለፈ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እያወጣ ነው። እንቅርት በብዛት በቀዶ ሕክምና በሚወጣበት በእኛ አካባቢ ደግሞ የታይሮይድ ማዕበል (የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን በድንገት መብዛት) ሊያምታታ ይችላል። እሱም የልብ ምት ያፈጥናል፣ ያግላል፤ ጡንቻ ግን አያገትርም፣ ፖታሲየምንም እንዲህ አያሽቅብም።

መጀመሪያ የሚገዛው፦ መሠረታዊ ሳጥን

ብዙ ተቋማት ጉዳዩን የሚጀምሩት «ዳንትሮሊን የለም» ከሚለው ነው፤ የሚያቆሙትም እዚያው ላይ ነው። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ዳንትሮሊን እስኪበጠበጥ ሕመምተኛውን በሕይወት የሚያቆየው ጋዙን ማቋረጥ፣ ኦክስጅን፣ ማቀዝቀዝና የፖታሲየም ሕክምና ነው። ለእነዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ደግሞ አብዛኛው ጅማ ውስጥ ይገኛል። ችግሩ ተበታትኖ መቀመጡ ነው፤ ካልሲየሙ ድንገተኛ ክፍል፣ ኢንሱሊኑ የውስጥ ደዌ ፍሪጅ፣ 40 በመቶ ግሉኮሱ የሕፃናት ዋርድ ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ይበቃል። ውድ ጋሪ አያስፈልግም። ክዳኑ ላይ ተቆራጭ ማኅተም ይደረግበት፤ ማኅተሙ ከተቆረጠ ዕቃ እንደተነካ ይታወቃል። ውስጡ የሚገባው ይህ ነው፦

- ካልሲየም ግሉኮኔት 10 በመቶ፣ ባለ 10 ሚ.ሊ፣ 6 አምፑል። ዶዙ 30 ሚ.ግ በኪ.ግ ስለሆነ ለ60 ኪ.ግ ሰው 1.8 ግራም፣ ማለትም 2 አምፑል ገደማ ነው። ካልሲየም ክሎራይድ ካለ 10 ሚ.ግ በኪ.ግ፤ ሁለቱን እያምታታችሁ እንዳትሰጡ መጠኑን ሳጥኑ ላይ ለጥፉ።
- ግሉኮስ 40 በመቶ፣ ባለ 20 ሚ.ሊ፣ 6 አምፑል። ከ10 ዩኒት መደበኛ ኢንሱሊን ጋር የሚሰጠው 25 ግራም ነው፤ አንዱ አምፑል 8 ግራም ስለሚይዝ ሦስቱ ይሞላሉ። ኢንሱሊኑ ፍሪጅ ውስጥ ይሆናል፤ የትኛው ፍሪጅ እንደሆነ ክዳኑ ላይ ይጻፍ።
- ሶዲየም ባይካርቦኔት 8.4 በመቶ፣ ቢያንስ 250 ሚ.ሊ። 1 ሚ.ሊ 1 ሚሊሞል ነው፤ መነሻው ከ1 እስከ 2 ሚሊሞል በኪ.ግ።
- ሊዶኬይን 2 በመቶ፣ አድሬናሊን የሌለበት፣ ወይም አሚዮዳሮን። በኢሲጂ ላይ የልብ ምቱ መስመር የሰፋው በፖታሲየም ምክንያት ከመሰለ ሊዶኬይን አትስጡ፤ ልብን ሊያቆም ይችላል። መጀመሪያ ካልሲየም ይቅደም።
- ፎሮሰማይድ፣ የሽንት ካቴተር ከነከረጢቱ፣ 16 እና 18 ቁጥር ካኑላ፣ የጨጓራ ቱቦ፣ የደም ናሙና ብልቃጦች፣ ባለ 50 ሚ.ሊ ሲሪንጅ ቢያንስ 8።
- በጉሮሮ ወይም በአፍንጫ የሚገባ የሙቀት መለኪያ። ከሌለ የብብት ቴርሞሜትር ይሠራል፤ ግንባር ላይ የሚለጠፈው ግን የውስጡን ሙቀት ስለማያሳይ አትመኑት።

ሳጥኑ ውስጥ ቬራፓሚልና ዲልቲያዜም መግባት የለባቸውም። ልብ ፈጠነ ተብሎ ከዳንትሮሊን ጋር ከተሰጡ ፖታሲየምን አሽቅበው ልብ ያቆማሉ። ይህ በትልቅ ፊደል ተጽፎ ክዳኑ ውስጠኛ ክፍል ላይ ይለጠፍ።

ባለ 20 ሚ.ግ ወይስ ባለ 250 ሚ.ግ ዳንትሮሊን?

የመጀመሪያው ዶዝ 2.5 ሚ.ግ በኪ.ግ ነው፤ ምልክቱ እስኪበርድ ይደገማል፤ ድምሩ 10 ሚ.ግ በኪ.ግ ሊደርስ፣ አንዳንዴም ሊያልፍ ይችላል። ሁለቱ ዓይነቶች በውስጣቸው ያለው መድኃኒት አንድ ነው፤ የሚለያዩት በብጥበጣው ነው።

የቆየው ዓይነት በአንድ ቫያል 20 ሚ.ግ ዳንትሮሊንና 3 ግራም ማኒቶል ይዟል፤ በ60 ሚ.ሊ ንጹሕ የመርፌ ውሃ ይበጠበጣል። ለ60 ኪ.ግ ሰው የመጀመሪያው ዶዝ 150 ሚ.ግ ነው፤ ይህም 8 ቫያል፣ 480 ሚ.ሊ ውሃ ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሊጨርሰው አይችልም። ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ሰው ለብጥበጣ ብቻ ይመደባል፤ ሰመመን ሰጪው ከእነሱ ውስጥ አይቆጠርም። ውሃው በሰውነት ሙቀት ልክ ለብ ቢል ቶሎ ይሟሟል። ቫያሉ ፈሳሹ ጥርት ያለ ብርቱካናማ እስኪሆን ይነቀነቃል፤ ድፍርስ ሆኖ ከታየ አልሟሟም።

በ2014 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኘው ባለ 250 ሚ.ግ ዓይነት በ5 ሚ.ሊ ውሃ ብቻ ይበጠበጣል። ለዚያው 60 ኪ.ግ ሰው 3 ሚ.ሊ ይበቃዋል፤ አንድ ነርስ በአንድ ደቂቃ ትጨርሰዋለች። ይህኛው ሲበጠበጥ ብርቱካናማ ድፍርስ ነው፤ ጥርት እንዲል መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። ሁለቱን ዓይነት የሚያውቅ ሰው ቀለሙን አይቶ እንዳይሳሳት ተቋሙ አንዱን መርጦ በእሱ ብቻ ይሠልጥን። ክምችቱ 3 ቫያል ነው።

ለሕፃናት ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። 20 ኪ.ግ ለሚመዝን ልጅ የመጀመሪያው ዶዝ 50 ሚ.ግ ነው፤ በአሮጌው ዓይነት 150 ሚ.ሊ ፈሳሽ፣ በአዲሱ 1 ሚ.ሊ። በሌላ በኩል በአሮጌው ውስጥ ያለው ማኒቶል ሽንት ያስወጣል። 8 ቫያል 24 ግራም ማኒቶል ስለሆነ ሌላ ማኒቶል መጨመር አያስፈልግም፤ ካቴተሩም ቀድሞ መግባት አለበት። አዲሱ ማኒቶሉ ከቁጥር የሚገባ ስላልሆነ ኩላሊትን የሚያጥበውን ፈሳሽ እናንተ ማሰብ አለባችሁ።

ፍርዱ ምን ይሁን? በብጥበጣ ፍጥነት ባለ 250 ሚ.ግ ይበልጣል፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሦስት ሰው ብቻ ባለበት ክፍል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ቫያል ቢሰበር የክምችቱ ሢሶ ይሄዳል። ባለ 20 ሚ.ግ ደግሞ ከከተማ ወደ ከተማ፣ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ተከፋፍሎ ሊቀመጥ ይችላል። ለጅማ ሁኔታ፣ ክምችቱ ለብዙ ተቋማት የሚያገለግል ከሆነ፣ ባለ 20 ሚ.ግ ይሻላል፤ የሰው ኃይል እጥረት ያለበት አንድ ነጠላ ማዕከል ለራሱ ብቻ የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ባለ 250ው። የትኛውም ቢሆን ከማዘዝ በፊት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያለበትን የምዝገባ ሁኔታ አጣሩ፤ ጥያቄውንም በኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የጅማ ቅርንጫፍ ዓመታዊ ትንበያ ውስጥ በጽሑፍ አስገቡ። በጽሑፍ ያልተጠየቀ መድኃኒት ተፈላጊ ሆኖ አይመዘገብም። የሚዋጠው የዳንትሮሊን ካፕሱል ለዚህ አደጋ አይተካም፤ ፈጭቶ በደም ሥር መስጠት ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ማንም የማያስበው ውሃ

ባለ 20 ሚ.ግ የገዙ ተቋማት በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። የመርፌ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በ5 ወይም በ10 ሚ.ሊ አምፑል ነው። ለመጀመሪያው ዶዝ 480 ሚ.ሊ ውሃ ማለት 48 ባለ 10 ሚ.ሊ አምፑል መስበር ማለት ነው፤ ለ36 ቫያል ደግሞ 216። መድኃኒቱ እጅ ላይ እያለ ውሃ በመቅዳት አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠፋል።

ሁለት መፍትሔዎች አሉ። የተሻለው ባለ 50 ወይም ባለ 100 ሚ.ሊ ብልቃጥ የመርፌ ውሃ ነው፤ ለ36 ቫያል 22 ባለ 100 ሚ.ሊ ይበቃል። እሱ ካልተገኘ ባለ 500 ሚ.ሊ ወይም ባለ 1 ሊትር ከረጢት ይያዛል፤ ይህ ግን አደጋ አለው። በግርግር መካከል አንድ ሰው ሳላይን መስሎት ቢሰቅለው ንጹሕ ውሃ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈነዳል። ከረጢት የምትጠቀሙ ከሆነ ከዳንትሮሊኑ ጋር በአንድ ሳጥን ተቆልፎ ይቀመጥ፤ በሁለቱም ፊቱ ላይ በቀይ «ለመበጥበጫ ብቻ፣ አይሰቀል» ተብሎ ይጻፍ፤ የመስጫ ቱቦም አጠገቡ አይቀመጥ። ሳላይንና ዴክስትሮስ በውሃው ምትክ አይገቡም፤ መድኃኒቱ በእነሱ በአግባቡ አይሟሟም።

የተበጠበጠው ከብርሃን ተጠብቆ በ6 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ፍሪጅ አይገባም። አሮጌው ዓይነት ፒኤቹ 9.5 ገደማ ስለሆነ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያበላሻል። በትልቅ ደም ሥር፣ በሚገባ በሚፈስ ካኑላ ብቻ ስጡት።

36፣ 12 ወይስ በጋራ?

36 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ በ60 ኪ.ግ ሰው ብታሰሉት ይገባል። የመጀመሪያው ዶዝ 8 ቫያል፣ ምልክቱ ካልበረደ ሁለተኛው 8። ከዚያ አደጋው ካለፈ በኋላ ከአራት ወይም ከአምስት ሰዎች በአንዱ ስለሚመለስ፣ ቢያንስ ለ24 ሰዓት በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ 1 ሚ.ግ በኪ.ግ ይሰጣል። ይህም በአንድ ጊዜ 3 ቫያል፣ በቀን ከ12 እስከ 18 ነው። ሲደመር 34 ደረሰ። ለአንድ መካከለኛ ክብደት ላለው ሰው ያውም። የአውሮፓው የባለሙያዎች ቡድን ከዚህም አልፎ፣ ከ36ቱ ሌላ 24 ቫያል በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚደርስ እንዲሆን ይመክራል።

ይህ ስሌት ለ12 ቫያል ምርጫም መልስ ይሰጣል። 12 ቫያል 240 ሚ.ግ ነው፤ እስከ 96 ኪ.ግ ለሚመዝን ሰው የመጀመሪያውን ዶዝ ይሸፍናል። ሁለተኛውን ግን አይሸፍንም፤ ቀጣዩን ቀንማ ጨርሶ አይነካውም። ስለዚህ 12 ቫያል የያዘ ተቋም ማኅተሙን እንደቆረጠ ስልክ መደወል አለበት። እዚህ ላይ ነው አዲስ አበባ የሚጠቅመው። በመኪና ወይም በጠዋቱ ወደ ጅማው አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ በሚደረገው በረራ የሚመጣ መድኃኒት ለመጀመሪያው ሰዓት አይደርስም፤ ለሁለተኛው ቀን ግን ይደርሳል። የት እንዳለ አስቀድሞ ካልታወቀ፣ የሚደወልበት ቁጥርም ሳጥኑ ላይ ካልተጻፈ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ከተማው ውስጥ በጋራ መያዝስ? የሚመከረው ዳንትሮሊን እንዲሰጥ ከተወሰነ በ10 ደቂቃ ውስጥ እጅ መግባቱ ነው። ጥናት እንዳሳየው የመጀመሪያው ምልክት ከታየ በኋላ ዳንትሮሊኑ በዘገየ በየ30 ደቂቃው የጉዳት ዕድል 1.6 እጥፍ ይጨምራል፤ የሙቀት ጣሪያው በ2 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል። ከአንድ የጅማ ሆስፒታል ወደ ሌላው በቀን፣ በጠራ መንገድ፣ 10 ደቂቃ ሊበቃ ይችላል። የክረምት ዝናብና ጨለማ ሲደመርበት ግን አይበቃም። ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚበላው ግን መንገዱ አይደለም፤ ቁልፉ ነው። ቁልፉ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ከሚሄድ ሰው ኪስ ውስጥ ከሆነ 36ቱም ቫያል ሌሊቱን የሉም።

በጋራ ለመያዝ ከወሰናችሁ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይቋቋም። ክምችቱ የሚቀመጠው ሌት ተቀን ሰው በማይጠፋበት ክፍል፣ ለምሳሌ በኦፕሬሽን ክፍሉ ወይም በጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ውስጥ ነው እንጂ በዋናው መጋዘን አይደለም። ስልክ የሚያነሳው ሰው ፊርማ ሳይጠብቅ እንዲሰጥ ሥልጣን ይኖረዋል፤ ወረቀቱ በማግስቱ ይሞላል። መድኃኒቱን ይዞ የሚሮጠው ከሰጪው ወገን ነው፤ ጠያቂው ወገን ሰው ሊነጥልለት አይችልም። አምቡላንስ እስኪፈለግ ከመጠበቅ ባጃጅ ቢሄድ ይሻላል።

አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቦንጋ ከዚያ በእጥፍ ይበልጣል። ለእነዚህ ቦታዎች የጅማው ክምችት ለተከታይ ዶዝ እንጂ ለመጀመሪያው አይታሰብ። ሕመምተኛውን ሳያረጋጉ ወደ ጅማ መላክም መፍትሔ አይደለም፤ ኦክስጅን፣ ማቀዝቀዣና ካልሲየም በሌለበት መኪና ውስጥ ልቡ ይቆማል።

ጋዙን ከሰውየው ማስወጣት

የከሰል ማጣሪያ ጥንድ በመተንፈሻ ቱቦው መግቢያና መውጫ ላይ ሲገጠምና ንጹሕ ኦክስጅን ከ10 ሊትር በደቂቃ በላይ ሲፈስ፣ ጋዙ በሁለት ደቂቃ ገደማ ወደ ኢምንት ይወርዳል። በአደጋ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስለሚሞላ ይለወጣል፤ ስለዚህ የሚገዛው ሁለት ጥንድ ነው። ጥሩ ዕቃ ነው። ነገር ግን በጀቱ ከዳንትሮሊን ጋር የሚሻማ ከሆነ ዳንትሮሊን ይቅደም፤ ምክንያቱም ያለ ማጣሪያም መንገድ አለ።

መንገዱ ይህ ነው፦ ቬፖራይዘሩን (ማደንዘዣውን ወደ ጋዝ የሚለውጠውን ዕቃ) ዝጉ፣ ኦክስጅኑን 10 ሊትርና ከዚያ በላይ ክፈቱ፣ ትንፋሹን ከወትሮው ሁለት ሦስት እጥፍ አፍጥኑ። ማሽን በመቀየር ጊዜ አታባክኑ። ንጹሕ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍስ ከረጢት) ከነማጠራቀሚያው ከተለየ የኦክስጅን ሲሊንደር ጋር ማያያዝ ደግሞ ርካሹና ፈጣኑ ነው፤ ያ ባግ ጋዝ ነክቶት አያውቅምና። አየር በቬፖራይዘሩ ውስጥ አልፎ በሚሳብባቸው ማሽኖች የምትሠሩ ከሆነ መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ ቬፖራይዘሩን ከመስመሩ ነቅላችሁ አውጡ።

ኦክስጅኑን ራሱ አስሉ። 5 ሊትር የሚሰጥ ኮንሰንትሬተር ለዚህ አይበቃም። 680 ሊትር የሚይዘው ትንሹ ሲሊንደር በ10 ሊትር ፍሰት አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚቆየው። ትልቅ ሙሉ ሲሊንደር፣ ቁልፉ በሰንሰለት ታስሮበት፣ ክፍሉ አጠገብ ይቁም።

ሰመመኑ በደም ሥር በሚሰጥ ይቀጥላል። ፕሮፖፎል ካለ እሱ፤ ከሌለ ዲያዜፓም ወይም ሚዳዞላም ከኦፒዮይድ ጋር። ኬታሚን በሽታውን አይቀሰቅስም፤ የልብ ምትን ስለሚያፈጥን ግን ሕመምተኛው እየተሻለው መሆኑን ለማወቅ ያስቸግራል።

ማቀዝቀዝ

የውስጥ ሙቀት 39 ዲግሪ ካለፈ ይጀመራል፤ 38 ሲደርስ ይቆማል፤ ካልቆመ ወደ ታች ያልፋል። ከሁሉ የሚሻለው ፍሪጅ ውስጥ የቆየ ኖርማል ሳላይን በደም ሥር መስጠት ነው፤ 3 ሊትር ዘወትር ፍሪጅ ውስጥ ይኑር፣ በፍሪዘር ግን አይቀመጥ። መብራት ሲጠፋ በሩ ካልተከፈተ ሳላይኑ ቅዝቃዜውን ለሰዓታት ይይዛል። በረዶ ሁለተኛ ነው፤ በብብት፣ በብሽሽትና በአንገት ይደረጋል። የክትባት ክፍሉ የበረዶ ጥቅሎች ለዚህ ቢያመቹም የክትባት ሰንሰለቱን እንዳታቋርጡ የራሳችሁን 8 ጥቅል ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ቆዳ እንዳያቃጥሉ በጨርቅ ይጠቅለሉ። እርጥብ አንሶላና ቬንትሌተር ሦስተኛ ነው፤ ሌላ ምንም በሌለበት ጤና ጣቢያ እንኳ ይሠራል። ሽንቱ የጠቆረ ቡና ከመሰለ ጡንቻው እየፈረሰ ነውና በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሚ.ሊ በኪ.ግ እንዲወጣ ፈሳሽ ይጨመር።

ሳክስን እናስወጣው?

ዳንትሮሊን የሌለው ሆስፒታል ሳክስን ጨርሶ ቢያስወግድ ይሻላል የሚሉ አሉ። አያስኬድም። ሙሉ ሆድ ላላት እናት ለድንገተኛ ቀዶ ወሊድ፣ ጉሮሮው ለተዘጋ ሕፃን፣ ሳክስ የሚያድነው ሕይወት ኤም ኤች ከሚወስደው እጅግ ይበልጣል። በምትኩ ሮኩሮኒየም 1.2 ሚ.ግ በኪ.ግ ይሰጣል፤ ግን ጡንቻን ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚያላላ፣ መፍቻው ሱጋማዴክስም በሌለበት፣ ቱቦው አልገባ ካለ መመለሻ የለም። የሚያስኬደው ልማድን መቀነስ ነው። ለቀጠሮ ቀዶ ሕክምና ሳክስን በዘልማድ አለመጠቀም፣ በአከርካሪ ቡፒቫኬይን ሊሠራ የሚችለውን በእሱ መሥራት፣ የቤተሰብ ታሪክ ያለውን ደግሞ ያለ ሃሎቴንና ያለ ሳክስ፣ ዳንትሮሊን ባለበት ቦታ መሥራት። የቤተሰብ ታሪክ ሲጠየቅ «ኤም ኤች አለ ወይ» ማለት መልስ አያመጣም። «ከዘመድ ኦፕሬሽን ላይ እያለ ሰውነቱ ግሎ ወይም ተገትሮ የሞተ፣ ወይም ሳይነቃ የቀረ አለ?» ብላችሁ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ጠይቁ።

ማቆየትና መለማመድ

ዳንትሮሊን ሳይበጠበጥ በክፍል ሙቀት፣ ከብርሃን ርቆ ይቀመጣል፤ ለጅማ አየር ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም። ለሌላ ሕመም ስለማይወጣ ሳይነካ ጊዜው ያልፋል፤ ይህ እንደ ኪሳራ ተቆጥሮ ኦዲት ላይ ያስጠይቃልና ከመጀመሪያው በግዢ ሰነዱ ላይ «የሕይወት አድን ተጠባባቂ» ተብሎ ይመዝገብ። ጊዜው ያለፈበትን ከክምችቱ አውጥታችሁ በቀይ ቀለም «ለልምምድ» ብላችሁ ጽፋችሁ አቆዩት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱን በሌሊት ተረኞች፣ ሰዓት ይዛችሁ 8 ቫያል አስበጥብጡ። ልምምዱ ላይ የሚገኘው ጉድለት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ሲሪንጁ ባለ 10 ሚ.ሊ ብቻ ይሆናል።

ሳጥኑ ውስጥ የመጨረሻው ዕቃ ወረቀት ነው። ከአደጋው የተረፈው ሰው ወንድም፣ እህትና ልጆቹ እያንዳንዳቸው ተጋላጭነቱን የመውረስ ዕድላቸው ግማሽ በግማሽ ነው፤ ነገ አንዳቸው በደሌ ወይም አዲስ አበባ ኦፕሬሽን ክፍል ሊገቡ ይችላሉ። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ የታተመ ካርድ አስቀድሞ ይዘጋጅ። የሕመምተኛው ስም፣ ቀኑ፣ የተሰጠው መድኃኒትና የታየው ምልክት ብቻ በእጅ ይሞላል። የተቀረው ጽሑፍ ይህ ነው፦ «ይህ ሰውና የሥጋ ዘመዶቹ ሃሎቴን፣ አይሶፍሉሬን፣ ሴቮፍሉሬን፣ ዴስፍሉሬን ወይም ሱክሳሜቶኒየም አይሰጣቸው። ኬታሚን፣ ፕሮፖፎል፣ ቬኩሮኒየምና የአካባቢ ማደንዘዣዎች ይሰጣቸዋል።»